ጀማሪ የቴክኖሎጂ ድርጅቶች በአነስተኛ በጀት የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሕግ ግዴታዎችን የሚያሟሉበት አሠራር፦ ለሮቤ፣ ለጎባና ለባሌ ደጋማ አካባቢ ተገልጋዮች የተዘጋጀ መረጃ

ይህ መረጃ የተዘጋጀው በሮቤ፣ በጎባና በአካባቢው በሚገኙ ወረዳዎች አርቴፊሻል ኢንተለጀንስን (ሰው ሠራሽ አስተውሎትን) በመጠቀም አገልግሎት ለመስጠት የተነሱ ወይም በመስጠት ላይ ያሉ ጀማሪ ድርጅቶች ያለባቸውን የሕግ ግዴታ ተገንዝበው፣ ባላቸው አቅም ደረጃ በደረጃ እንዲያሟሉ ለማገዝ ነው። በተጨማሪም የእነዚህ አገልግሎቶች ተጠቃሚ የሆኑ አርሶ አደሮች፣ ታካሚዎች፣ ነጋዴዎችና ሌሎች ዜጎች ከድርጅቶቹ ምን የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ያሳያል።

ብዙ ጀማሪ ድርጅቶች የሕግ ግዴታን ማሟላት ጠበቃና ውድ ሶፍትዌር የሚጠይቅ፣ ካፒታል ከተገኘ በኋላ የሚደርስ ሥራ አድርገው ይመለከቱታል። ከግዴታዎቹ አብዛኞቹ ግን የሚሟሉት በጥንቃቄ፣ በጽሑፍ መዝገብና ዳታን በመቀነስ ነው። ከፍተኛ ወጪ የሚያስከትለው ሥራው ከተስፋፋ በኋላ ያለፈቃድ የተሰበሰበን ዳታ ለማስተካከል መሞከር ነው። ስለሆነም በጀቱ አነስተኛ የሆነ ድርጅት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ግዴታውን ቢያሟላ ተጠቃሚው ራሱ ድርጅቱ ነው።

1. ግዴታው የሚመነጭባቸው ሕጎች

አገራችን የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ብሔራዊ ፖሊሲ ያላት ሲሆን፣ ፖሊሲው በ2016 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸድቋል። ፖሊሲው የዘርፉን አቅጣጫ የሚያመላክት ነው። አንድ ጀማሪ ድርጅት ዛሬ በሥራው ላይ የሚያጋጥመው ግዴታ ግን በአብዛኛው የሚመነጨው ለሁሉም ሥራ ከወጡ አጠቃላይ ሕጎች ነው። ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

• የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26፦ የግል ሕይወት የመከበርና የመጠበቅ መብትን ይደነግጋል።

• የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016፦ የሰዎችን የግል ዳታ የሚሰበስብ፣ የሚያስቀምጥ፣ የሚያቀናብር ወይም ለሌላ ወገን የሚያስተላልፍ ሁሉ የሚገዛበት ዋና ሕግ ነው። አዋጁን የሚያስፈጽመው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

• የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008፦ ያለፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትንና ዳታን ማበላሸትን የመሳሰሉ ድርጊቶችን ያስቀጣል።

• የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፦ ሞዴል ለማሠልጠን የሚወሰዱ ፎቶግራፎች፣ ጽሑፎችና የድምፅ ቅጂዎች ባለቤት ያላቸው መሆኑን ለመገንዘብ ያስፈልጋል።

• የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 እና የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006፦ ስለ አገልግሎቱ የሚነገረው ሁሉ እውነተኛና የማያሳስት መሆን እንዳለበት ያስገነዝባሉ።

እነዚህ ሕጎች በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የሚታተሙ ሲሆን፣ በሁለቱ ቅጂዎች መካከል ልዩነት ቢፈጠር የአማርኛው የበላይነት አለው። ስለዚህ አንድ ድርጅት የሚመለከቱትን አንቀጾች ለመረዳት የግድ ለትርጉም ገንዘብ ማውጣት የለበትም፤ አዋጁን ራሱን አግኝቶ ማንበብ የመጀመሪያው ነፃ እርምጃ ነው።

2. ለማሳያ የተወሰደ ጉዳይ፦ የስንዴ ዋግን ከፎቶግራፍ መለየት

የሲናና፣ የአጋርፋ፣ የጋሰራና የጎባ ወረዳዎች ዋና የስንዴ አምራቾች ናቸው። አርሶ አደሩ ጋና እና ቦና በሚባሉት ሁለት የምርት ወቅቶች ያመርታል። ቀዝቃዛውና እርጥበታማው የደጋ አየር ለስንዴ የሚስማማውን ያህል ለቢጫ ዋግም ይስማማል። እ.ኤ.አ. በ2010 የተከሰተው የቢጫ ዋግ ወረርሽኝ በስፋት ይዘሩ የነበሩትን ኩብሳና ገለማ የተባሉ ዝርያዎች በእጅጉ ጎድቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2014 ደግሞ አዲስ የግንድ ዋግ ዘር በባሌና በአርሲ ዲገሉ በተባለው ዝርያ ላይ ከፍተኛ ጉዳት አድርሷል።

በዚህ አካባቢ ከመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የተመረቁ ሦስት ወጣቶች በስልክ የተነሳን የስንዴ ቅጠል ፎቶ ተመልክቶ ዋግ መኖር አለመኖሩን የሚናገር መተግበሪያ ሠሩ ብለን እናስብ። ገንዘባቸው ጥቂት ነው፤ ቢሮአቸው በሮቤ ከተማ አንድ ክፍል ናት። መተግበሪያው የቅጠል ፎቶ ብቻ የሚመለከት ስለሚመስል የግል ዳታ ሕግ የማይመለከታቸው መስሎ ሊታያቸው ይችላል። ይሁን እንጂ ከፎቶው ጋር የአርሶ አደሩ ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ ቀበሌና ፎቶው የተነሳበት ትክክለኛ ቦታ አብረው ይላካሉ። እነዚህ ሲጣመሩ የማን ማሳ መታመሙን፣ ማን ምርት እንደሚያጣ፣ ማን ብድር መክፈል እንደሚቸገር ይናገራሉ። ስለዚህ ድርጅቱ በሕጉ ፊት የግል ዳታ ተቆጣጣሪ ነው።

በዚህ ጉዳይ ለአደጋ የሚጋለጠው የአንድ ቤተሰብ የዓመት ምርት ነው። ዋግ የያዘውን ማሳ መተግበሪያው ጤነኛ ነው ካለው አርሶ አደሩ የመርጫ ጊዜው ያልፍበታል። ጤነኛውን ታሟል ካለው ደግሞ ያለ አስፈላጊነቱ ለፀረ ፈንገስ ኬሚካል ገንዘብ ያወጣል። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ይህን ምሳሌ እየተከተሉ ይቀርባሉ።

3. ደረጃ በደረጃ የሚፈጸሙ ተግባራት

ሀ. ምን ዳታ እንዳለ መመዝገብ

የመጀመሪያው ተግባር ድርጅቱ የያዘውን ዳታ በሙሉ በአንድ ሠንጠረዥ መመዝገብ ነው። ለዚህ በማንኛውም ኮምፒውተር የሚገኝ የሠንጠረዥ ፕሮግራም ወይም የመስመር ደብተር ይበቃል። ለእያንዳንዱ የዳታ ዓይነት ስድስት ጥያቄዎች ይመለሳሉ፦ ዳታው ምንድን ነው? ከማን ተገኘ? ለምን ዓላማ? የት ተቀምጧል? ማን ያየዋል? መቼ ይጠፋል? ለአብነት፦ «የስንዴ ቅጠል ፎቶ፤ ከአርሶ አደሩ ስልክ፤ ዋግን ለመለየት፤ በድርጅቱ ኮምፒውተር፤ ሁለቱ ባለሙያዎች፤ ከሁለት የምርት ወቅት በኋላ» ተብሎ ይጻፋል። ከስድስቱ አንዱን መመለስ ካልተቻለ ያ ዳታ መሰብሰቡ በራሱ ጥያቄ ውስጥ ይገባል።

ይህ መዝገብ ለምዝገባም ሆነ ለቁጥጥር ለሚቀርቡ ጥያቄዎች መነሻ ነው። አዋጁ የግል ዳታ ተቆጣጣሪዎችና አቀናባሪዎች በባለሥልጣኑ እንዲመዘገቡ የሚጠይቅ በመሆኑ፣ የምዝገባውን ቅድመ ሁኔታ በቀጥታ ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን መጠየቅ ይገባል።

ለ. የማያስፈልገውን አለመሰብሰብ

ዳታ የሚሰበሰበው ለዓላማው በሚያስፈልገው መጠን ብቻ ነው። በምሳሌው ዋግን ለመለየት የአርሶ አደሩ የአባት ስም፣ ዕድሜ ወይም የፋይዳ መታወቂያ ቅጂ አያስፈልግም። የበሽታውን ስርጭት ለመከታተልም ቢሆን ብዙ ጊዜ የቀበሌው ስም በቂ ነው። በስልክ የሚነሱ ፎቶዎች የተነሱበትን ቦታ በውስጣቸው ደብቀው የሚይዙ በመሆኑ፣ መተግበሪያው ፎቶውን ከመላኩ በፊት ይህን መረጃ እንዲያጠፋ ማድረግ ያስፈልጋል። ይህ ለአንድ የፕሮግራም ባለሙያ አጭር ሥራ ነው።

ሞዴሉ በስልኩ ላይ፣ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ተደርጎ ከተዘጋጀ ፎቶው ከአርሶ አደሩ እጅ አይወጣም። ይህ አሠራር የሰርቨር ኪራይና የኢንተርኔት ወጪን ይቀንሳል፤ ኔትወርክ በሚደክምባቸው ቀበሌዎችም ያገለግላል፤ ድርጅቱ የሚጠብቀውን ዳታም ያሳንሳል። በአነስተኛ በጀት ለሚሠራ ድርጅት ከሁሉ የሚመረጠው መንገድ ይህ ነው።

ሐ. በሚገባ ቋንቋ ማስረዳትና ፈቃድ መቀበል

ዳታ ለመሰብሰብ ሕጋዊ መነሻ ያስፈልጋል። ፈቃድ አንዱ መነሻ ሲሆን፣ ከዳታው ባለቤት ጋር የተደረገን ውል መፈጸምን የመሳሰሉ ሌሎች መነሻዎችም በሕጉ አሉ። በፈቃድ የሚሠራ ድርጅት ፈቃዱ በነፃነት የተሰጠና በሚገባ የተረዱት መሆኑን ማረጋገጥ አለበት። በባሌ አብዛኛው አርሶ አደር የሚናገረው አፋን ኦሮሞ በመሆኑ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ረጅም የስምምነት ገጽ ላይ «እስማማለሁ» የሚለውን መንካት መረዳትን አያሳይም። ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች ማስታወቂያውን በድምፅ ቀድቶ በመተግበሪያው ማሰማት ይቻላል፤ ይህም ወጪው እጅግ አነስተኛ ነው።

ለማስታወቂያው የሚከተለውን አጭር ጽሑፍ መነሻ አድርጎ ወደ አፋን ኦሮሞ ማዘጋጀት ይቻላል፦

«የላኩትን የቅጠል ፎቶ የምንጠቀመው የስንዴ በሽታን ለመለየት ነው። መልሱን የሚሰጠው የኮምፒውተር ሥርዓት ስለሆነ ሊሳሳት ይችላል፤ መድኃኒት ከመርጨትዎ በፊት የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ያማክሩ። ስምዎንና ስልክዎን ለሌላ ወገን አንሰጥም። ፎቶዎ እንዲጠፋ በፈለጉ ጊዜ በዚህ ስልክ ይንገሩን። ፎቶዎን ሥርዓቱን ለማሻሻል እንድንጠቀምበት ይፈቅዳሉ? ባይፈቅዱም አገልግሎቱን ያገኛሉ።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ልዩ ትኩረት ይሻል። ምክር ለመስጠት የተገኘ ፎቶ ሞዴል ለማሠልጠን ሲውል ሌላ ዓላማ ስለሆነ ለብቻው ይጠየቃል። እንዲሁም በገጠር አንድ ስልክ በቤተሰብ ወይም በጎረቤት የጋራ ሊሆን ስለሚችል፣ ምላሹ የሌላ ሰው ስልክ ላይ ሊደርስ እንደሚችል ታስቦ በመልእክቱ ስም አለመጥቀስ ተገቢ ነው። ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ዳታ ሲሆን የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፈቃድ ያስፈልጋል።

መ. የጥናት ዳታን ወደ ንግድ ሥራ ሲያዛውሩ መጠንቀቅ

ብዙ ጀማሪ ድርጅቶች የሚወለዱት ከመመረቂያ ጽሑፍ ነው። ለዩኒቨርሲቲ ጥናት የተሰበሰበ ፎቶ ወይም ቃለ መጠይቅ የተሰጠው ለጥናት ነው። ያንኑ ዳታ ለሚሸጥ አገልግሎት ማዋል የዓላማ ለውጥ ስለሆነ የዳታውን ባለቤቶች እንደገና ማስፈቀድ ወይም ማንነትን የሚገልጸውን ሁሉ ሊመለስ በማይችል መንገድ ማስወገድ ያስፈልጋል። ዳታው የዩኒቨርሲቲው ወይም እንደ ሲናና ግብርና ምርምር ማዕከል ያለ ተቋም ንብረት ከሆነ ደግሞ የተቋሙ የጽሑፍ ስምምነት ይጠየቃል።

ሠ. ትክክለኛነትን መፈተሽና ውጤቱን በሐቅ መግለጽ

ፍተሻ ውድ መሆን የለበትም። ለምሳሌ አንድ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ አስቀድሞ የለያቸውን 100 ፎቶዎች ለሥርዓቱ እናቅርብ። ከእነዚህ 40ዎቹ ዋግ ያለባቸው፣ 60ዎቹ ጤነኛ ይሁኑ። ሥርዓቱ ከ40ዎቹ 34ቱን ቢለይና ከ60ዎቹ 51ዱን ጤነኛ ቢል፣ በጥቅሉ ከ100 ፎቶ 85ቱን በትክክል መልሷል። «85 ከመቶ ትክክል ነው» የሚለው ማስታወቂያ ግን ለአርሶ አደሩ የሚያስፈልገውን አይነግረውም። ከታመሙት 40 ማሳዎች የ6ቱ ባለቤቶች «ጤነኛ ነው» ተብለው ሊመለሱ ነበር፤ 9 ሰዎች ደግሞ ሳያስፈልግ መድኃኒት ሊገዙ ነበር። ስለዚህ ሁለቱ የስህተት ዓይነቶች ተለይተው ይመዝገቡ፤ ለተጠቃሚውም ይገለጹ። «መቶ በመቶ እንለያለን» የሚል ማስታወቂያ በማስታወቂያና በሸማቾች ጥበቃ ሕጎች ሊያስጠይቅ ይችላል።

ፍተሻው አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚቆም አይደለም። ከላይ የተጠቀሱት ወረርሽኞች እንዳሳዩት የዋግ ዘር ይለዋወጣል፤ አርሶ አደሩ የሚዘራው ዝርያም ይቀየራል። በአንድ ዝርያ ፎቶ የሠለጠነ ሞዴል በሌላው ላይ ሊሳሳት ይችላል። ስለሆነም ከጋና እና ከቦና ወቅት መግቢያ በፊት በአዲስ ፎቶዎች መፈተን፣ የፈተናውን ቀን፣ የሞዴሉን ስሪት ቁጥርና ውጤቱን በአንድ ገጽ መመዝገብ ይመከራል።

ረ. የመጨረሻውን ውሳኔ ለሰው መተው

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጁ ሰዎች በእነሱ ላይ ከፍተኛ ውጤት የሚያስከትል ውሳኔ በማሽን ብቻ እንዳይወሰንባቸው መብት ይሰጣል። አንድ ሥርዓት ማን ብድር እንደሚያገኝ፣ ማን እንደሚቀጠር ወይም ማን ድጋፍ እንደሚደረግለት የሚለይ ከሆነ፣ ውጤቱን የሚመረምርና የመለወጥ ሥልጣን ያለው ሰው መኖር አለበት። የዚህን ሰው ስምና ኃላፊነት በጽሑፍ መወሰን፣ ቅሬታ የሚቀርብበትን ስልክ ማሳወቅና የቀረቡትን ቅሬታዎች መመዝገብ በቂ መነሻ ነው።

ሰ. ዳታን መጠበቅ

በትንሽ ድርጅት ዳታ የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ በተሰረቀ ስልክ፣ በጋራ የይለፍ ቃልና በፍላሽ ዲስክ ነው። እነዚህን ለመከላከል የሚያስፈልጉት እርምጃዎች ነፃ ናቸው፦ የሥራ ስልኮችንና ኮምፒውተሮችን በይለፍ ቃል መቆለፍና ዲስካቸውን መመስጠር፤ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን መግቢያ መስጠት፤ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫን መክፈት፤ ሠራተኛ ሲለቅ መግቢያውን በዕለቱ መዝጋት፤ የዳታ ቅጂ በሌላ የተቆለፈ ቦታ ማስቀመጥ፤ የተጠቃሚዎችን ዝርዝር በቴሌግራም ቡድን አለመላላክ።

ሸ. ከሌሎች ድርጅቶችና ከውጭ አገር አገልግሎቶች ጋር መሥራት

ድርጅቱ ለአንድ የገበሬዎች ዩኒየን ወይም ለአበዳሪ ተቋም የሚሠራ ከሆነ፣ ዓላማውን የሚወስነው ማን እንደሆነና ዳታው ሲጠፋ ማን እንደሚጠየቅ በጽሑፍ ውል ይወሰናል። እንደ ቻትጂፒቲ ወይም ጀሚናይ ያሉ የውጭ አገር አገልግሎቶችን መጠቀም የተጠቃሚን ስም፣ ስልክ ወይም የጤና ሁኔታ አብሮ መላክን የሚጨምር ከሆነ፣ ዳታው ከአገር ወጥቷል ማለት ነው። አዋጁ ለዚህ ቅድመ ሁኔታዎችን ስለሚደነግግ አስቀድሞ ባለሥልጣኑን መጠየቅ ያስፈልጋል። ቀላሉ አማራጭ ማንነትን የሚገልጸውን ሁሉ አውጥቶ ጥያቄውን ብቻ መላክ ነው።

4. ተጨማሪ ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው ሥራዎች

ጤና፦ የጤና ዳታ በሕጉ ልዩ ጥበቃ የሚደረግለት ስሱ ዳታ ነው። በጎባ ሪፈራል ሆስፒታል ወይም በጤና ጣቢያዎች ካሉ የታካሚ ምስሎች ጋር መሥራት የሚፈልግ ድርጅት የተቋሙን የጽሑፍ ፈቃድና የሥነ ምግባር ግምገማ ሳያገኝ ዳታ መውሰድ የለበትም። በሽታን ለመመርመር ታስቦ የተሠራ ሥርዓት በሕክምና መሣሪያነት ሊታይ ስለሚችል፣ ለታካሚ ከመቅረቡ በፊት የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን መጠየቅ ይገባል። ከፍተኛ ሥጋት ያለው የዳታ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የተጽዕኖ ግምገማ መደረግ እንዳለበትም አዋጁ ይደነግጋል። ግምገማው ማን ሊጎዳ እንደሚችል፣ እንዴትና ጉዳቱን ለመቀነስ ምን እንደተደረገ የሚገልጽ ሰነድ ነው።

ዱር እንስሳትና ቱሪዝም፦ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በሰነቲ አምባ የቀይ ቀበሮን ፎቶ ሰብስቦ እንስሳቱን የሚለይ ሥርዓት መሥራት የሚሻ ድርጅት ከፓርኩ አስተዳደር ፈቃድ መጠየቅ፣ የእንስሳቱን ትክክለኛ መገኛ ለሕዝብ አለመግለጽ፣ በካሜራ የገቡ እረኞችንና ነዋሪዎችን ፊት መሸፈን ይጠበቅበታል። ድሮን ለማብረር ደግሞ የሚመለከታቸውን የመንግሥት አካላት ፈቃድ አስቀድሞ ማግኘት ያስፈልጋል።

የውጭ ገበያ፦ የአውሮፓ ኅብረት የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ሕግ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2024 ጸንቶ በደረጃ በመተግበር ላይ ይገኛል። ሕጉ ሥርዓታቸውን በኅብረቱ ገበያ የሚያቀርቡትን ወይም የሥርዓታቸው ውጤት በዚያ የሚያገለግልን የውጭ ድርጅቶች ጭምር ይመለከታል። ለአውሮፓ ጎብኚዎች ወይም ለሐረና ደን ቡና ገዢዎች በዚያው በአገራቸው አገልግሎት ለመስጠት የሚያስብ ድርጅት ከውል በፊት ይህን ማጣራት አለበት።

5. ዳታ ሲጠፋ ወይም ሲሰረቅ

የሥራ ኮምፒውተር ቢሰረቅ ወይም የማይመለከተው ሰው ወደ ዳታው ቢገባ፣ ችግሩን መደበቅ ጉዳቱንም ተጠያቂነቱንም ያከብደዋል። የሚከተሉት ተግባራት በቅደም ተከተል ይፈጸማሉ።

• መግቢያዎችን ወዲያውኑ መዝጋትና የይለፍ ቃሎችን መቀየር፤
• ምን ዳታ፣ የስንት ሰው፣ ከመቼ ጀምሮ እንደተጋለጠ መመዝገብ፤
• በ72 ሰዓት ውስጥ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ማሳወቅ፤
• ጉዳቱ ከፍተኛ ሊሆን የሚችል ከሆነ ለዳታው ባለቤቶች በሚገባቸው ቋንቋ መንገርና ምን ጥንቃቄ ማድረግ እንዳለባቸው ማስረዳት፤
• ወንጀል የተፈጸመ ከሆነ ለፖሊስ ማመልከት።

በ3ኛው ክፍል የተገለጸው ሠንጠረዥ ያለው ድርጅት የሁለተኛውን ተራ ተግባር በጥቂት ሰዓታት ይጨርሳል። ሠንጠረዥ የሌለው ግን 72ቱ ሰዓት የሚያልፈው ምን እንደጠፋ በመፈለግ ላይ ነው።

6. ወጪን ለመቀነስ የሚረዱ አማራጮች

• ሥልጠና፦ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ኢኒሼቲቭ የፕሮግራሚንግ፣ የዳታ ሳይንስና የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መሠረታዊ ሥልጠናዎችን በኢንተርኔት በነፃ ይሰጣል።

• ሙያዊ ትብብር፦ ለፍተሻ የሚያገለግሉ ፎቶዎችን የሚለይ ባለሙያ ከመቅጠር ይልቅ ከዩኒቨርሲቲው፣ ከምርምር ማዕከሉ ወይም ከወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ጋር የጽሑፍ ስምምነት ማድረግ ይቻላል።

• ክፍት ሶፍትዌርና ሞዴል፦ በነፃ የሚገኙትን መጠቀም ይቻላል፤ ሆኖም ለንግድ ሥራ መፍቀዱን የሚገልጸውን የፈቃድ ጽሑፍ ማንበብና ቅጂውን ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

• የጋራ ሥራ፦ በሮቤና በጎባ የሚገኙ ድርጅቶች የማስታወቂያ ጽሑፍ፣ የውል ናሙናና የአፋን ኦሮሞ ትርጉም በጋራ ቢያዘጋጁ፣ የሕግ ባለሙያ ማማከር ሲያስፈልግም ወጪውን ቢካፈሉ ጫናው ይቀላል።

• የገንዘብ ቅደም ተከተል፦ ገንዘብ የሚወጣበት ጊዜ ሲመጣ ቅድሚያ የሚሰጠው ለፍተሻ፣ ቀጥሎ ለአስተማማኝ የዳታ ማስቀመጫ፣ ከዚያም ስሱ ዳታ ወይም የውጭ ውል ሲኖር ለሕግ ምክር ነው።

7. ተደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ገና በሙከራ ላይ ነን፤ የንግድ ፈቃድም አላወጣንም። ግዴታው ይመለከተናል?
መልስ፦ አዎን። የሌሎች ሰዎችን የግል ዳታ ለሥራ መሰብሰብ እንደተጀመረ የዳታ ጥበቃ ግዴታው ይጀምራል። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ ራሱን የቻለ ግዴታ ነው።

ጥያቄ፦ ከፌስቡክ የተገኙ ፎቶዎች ለሁሉም ክፍት ስለሆኑ ለሥልጠና መጠቀም እንችላለን?
መልስ፦ ለዕይታ ክፍት መሆን ለማንኛውም ዓላማ መፍቀድ አይደለም። ፎቶው የቅጅ መብት ባለቤት አለው፤ በውስጡ ያለው ሰውም የግል ዳታ መብት አለው።

ጥያቄ፦ አርሶ አደሩ «ፎቶዬ ይጥፋ» ቢለን ሞዴሉ አስቀድሞ ሠልጥኖበት ከሆነ ምን እናድርግ?
መልስ፦ ፎቶውንና ከእሱ ጋር ያለውን መረጃ ከማስቀመጫ ማጥፋት፣ በሚቀጥለው ሥልጠና እንዳይካተት ማድረግና ይህንኑ ለጠያቂው መንገር ይገባል። ለዚህ እያንዳንዱ ፎቶ ከመነሻው መለያ ኮድ ሊሰጠው ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ የዳታ ጥበቃ ኃላፊ መቅጠር አለብን?
መልስ፦ አዋጁ ይህን የሚጠይቀው በተወሰኑ ሁኔታዎች ነው። ግዴታው ባይኖርም ከመሥራቾቹ አንዱ በጽሑፍ ኃላፊ ቢደረግ ተገልጋዩ የሚያነጋግረው ሰው ያገኛል።

ጥያቄ፦ ተጠቃሚ ነኝ፤ ዳታዬ ያለፈቃዴ ጥቅም ላይ ውሏል ብዬ አምናለሁ። ወዴት ልሂድ?
መልስ፦ በመጀመሪያ ለድርጅቱ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ የማመልከቻውን ቅጂም ይያዙ። አጥጋቢ መልስ ካላገኙ አቤቱታዎን ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ማቅረብ ይችላሉ።

8. ማጠቃለያ

ሥራ የሚጀምር ድርጅት ቢያንስ አምስት ሰነዶችን አዘጋጅቶ እንዲይዝ ይመከራል፦ የዳታ ሠንጠረዥ፣ በተጠቃሚው ቋንቋ የተዘጋጀ ማስታወቂያ፣ የፍተሻ ውጤት፣ የቅሬታ መዝገብና ዳታ ሲጠፋ የሚፈጸሙ ተግባራት ዝርዝር። አምስቱም በድርጅቱ አባላት ሊዘጋጁ ይችላሉ። በየምርት ወቅቱ ወይም በየስድስት ወሩ እየታዩ ቢታደሱ ባለሀብት፣ አጋር ተቋም ወይም ተቆጣጣሪ አካል በጠየቀ ጊዜ ወዲያውኑ ይቀርባሉ።

በዚህ ጽሑፍ የቀረበው አጠቃላይ መረጃ ሲሆን የሕጎቹን ሙሉ ይዘት አይተካም። ተገልጋዮች ለተለየ ጉዳያቸው አዋጆቹን እንዲያነቡና አግባብ ያላቸውን ተቋማት እንዲጠይቁ እናሳስባለን።